የመኪና ላይ ሳንዱች በጎጃም፦ ሥጋውን ምን ያቀዘቅዘዋል?

ባሕር ዳር ውስጥ ሥራ ፈልገው ያጡ ተመራቂዎች ስለ ንግድ ሲያወሩ አንድ ሐሳብ ደጋግመው ያነሳሉ። አሮጌ ሚኒባስ መግዛት። ጎኑን ቆርጦ መስኮት ማውጣት። ውስጡ ምድጃና ማቀዝቀዣ መግጠም። ከዚያ ሐይቅ ዳር ወይም የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር ላይ አቁሞ ሳንዱች መሸጥ። አዲስ አበባ ላይ ፉድ ትራክ አዲስ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ደብረ ማርቆስም ይህን የሚያልሙ ልጆች አሉ።

ሐሳቡን እወደዋለሁ። የሚያሳስበኝ ዳቦው ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። ብዙዎቹ በስልካቸው አይተው የሚመኙት የአሜሪካኖቹን የዴሊ ሳንዱች ነው። በስሱ የተቆረጠ ቀዝቃዛ ሥጋ በላይ በላዩ ተደርድሮ፣ አይብ፣ ሰላጣና ማዮኔዝ ተጨምሮበት። ይህ ሳንዱች እንዳለ ወደ ጎጃም ከመጣ ሻጩንም ገዢውንም ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። መኪናውን፣ ዳቦውንና ፍጥነቱን እንውሰድ። ቀዝቃዛውን ሥጋ ግን እንተወው።

ዴሊ ማለት የተሰናዳ ሥጋ፣ አይብ፣ በኮምጣጤ የተያዘ አትክልትና ዳቦ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ኒውዮርክ ላይ በስፋት ያስለመዱት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁዳውያን ናቸው። ከእነዚህ ሱቆች አንዱ፣ እስከ ዛሬ ሰው የሚሰለፍበት ካትዝ፣ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ያን ጊዜ በየቤቱ የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ አልነበረም። ስለዚህ የዴሊ ሙያ ሥጋን ያለ ማቀዝቀዣ የማቆየት ሙያ ነበር።

ፓስትራሚ የሚባለውን እንይ። ከሮማኒያ የመጡ አይሁዳውያን ያስተዋወቁት ነው። ሥጋው የበሬ ፍሪምባ ነው። ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት በጨው ተይዞ ይቆያል። ከዚያ በቁንዶ በርበሬና በድንብላል ይታሻል። በጭስ ይታጠናል። በመጨረሻ በእንፋሎት ይበስልና ትኩሱን ተቆርጦ ዳቦ ላይ ይደረደራል። ስሙ የገነነው ሳንዱች ሲቆረጥ እንፋሎት የሚወጣው ነው። በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ፣ ሳይሞቅ የሚበላው ሥጋ የመጣው ከፋብሪካና ከማቀዝቀዣ መኪና ጋር ነው። እነሱ ጋ ከፋብሪካ እስከ ሱቅ፣ ከሱቅ እስከ ቤት ቅዝቃዜው አይቋረጥም። ቢያንስ መቋረጥ የለበትም። እኛ ጋ ይቋረጣል።

ሞርታዴላው፣ ማለትም በስሱ እየተቆረጠ ቀዝቃዛውን የሚበላው የፋብሪካ ሥጋ፣ ከአዲስ አበባ ይነሳል እንበል። ደብረ ማርቆስ ለመድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ይወጣል። ባሕር ዳር ለመድረስ ደግሞ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ዕቃው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በአውቶቡስ ወይም በጭነት መኪና፣ በካርቶን ሆኖ ነው። መንገድ ከተዘጋ አንድ ቦታ ላይ ያድራል። ባለፉት ዓመታት መንገድ መዘጋት በጎጃም ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ከተማ ገብቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቀመጥ መብራት ይጠፋል። መብራቱ ሲመጣ ማቀዝቀዣው እንደገና ይቀዘቅዛል፤ ሥጋውም ሲነካ ቀዝቃዛ ነው። ሻጩ በቅንነት “ደህና ነው” ብሎ ይሸጠዋል። መካከል ላይ ስንት ሰዓት ሞቆ እንደቆየ ግን የሚናገር ምልክት የለም። ቀለሙም ሽታውም ላይለወጥ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለምግብ አዘጋጆች የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው። ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቀመጥ። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ሲበስል ውስጡ 70 ዲግሪ ይድረስ። በ5 እና በ60 መካከል ያለው ለባክቴሪያ የሚመች ሙቀት ነው። አንዳንድ ባክቴሪያ ከተመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት 6 ሰዓት ነው። በዚያ ጊዜ 18 ጊዜ ይታጠፋል። አንዷ ባክቴሪያ ከ260,000 በላይ ሆነች ማለት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ወደ 30 ዲግሪ ትጠጋለች። ፀሐይ ላይ የቆመ የብረት መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ደብረ ማርቆስ ከፍታዋ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ቀዝቀዝ ትላለች። ያም ቢሆን አየሯ 5 ዲግሪ አይደለም።

ማቀዝቀዣው ቢሠራ እንኳ አንድ ተህዋሲ አለ፣ ሊስቴሪያ የሚባል። ይህ ተህዋሲ ማቀዝቀዣ ውስጥም ቀስ እያለ ይራባል። ለዚህ ነው ከሌሎቹ ለይቼ የማነሳው። ነፍሰ ጡሮችን፣ ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችን ያጠቃል። ፅንስ ያስወርዳል። ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሰው ምን እንደበላ እንኳ አያስታውስም። እዚሁ አህጉራችን ውስጥ፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 የደረሰውን ማስታወስ ይገባል። ፖሎኒ ከሚሉት፣ ሞርታዴላ ከሚመስል የፋብሪካ ሥጋ በተነሳ የሊስቴሪያ ወረርሽኝ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከ200 በላይ ሞቱ። ብዙዎቹ ጨቅላ ሕፃናት ነበሩ። በዓለም ከተመዘገቡት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች ትልቁ እሱ ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2024 ከዴሊ ሥጋ ጋር የተያያዘ ወረርሽኝ ገጥሟት 10 ሰዎች ሞተዋል። እዚያ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ነፍሰ ጡሮችን የሚመክሩት ይህን ሥጋ እንዲተዉት፣ ከበሉም እንፋሎት እስኪወጣው አሙቀው እንዲበሉት ነው። ዋስትናው እሳት ነው።

ሰላጣውና ማዮኔዙም ከሥጋው ያላነሰ ጣጣ አላቸው። ጥሬ ሰላጣና ቲማቲም የሚታጠበው በምን ውሃ ነው? መኪናው በጀሪካን ከያዘው ውሃ ነው። ያ ውሃ ንጹሕ ካልሆነ ታይፎይድና አሜባ ከዚያ ይመጣሉ። በጥሬ እንቁላል እቤት የተመታ ማዮኔዝ ደግሞ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ሦስቱም አንድ ዳቦ ውስጥ ሲገናኙ የትኛው እንዳሳመመህ ሐኪም ራሱ አያውቅም።

አሁን ወደ ገበያው ልምጣ። በእኔ ግምት ቀዝቃዛውን ሥጋ የሚያሸንፈው ከጤናው ይልቅ የጎጃም የቀን መቁጠሪያ ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ይዘልቃል። ፍልሰታ በነሐሴ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። የሐዋርያት ጾም እንደ ፋሲካው ይረዝማል፣ ያጥራል። ረቡዕና ዓርብ አሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን አይጾሙም። ጎጃም ደግሞ ጾም የሚጠብቅ አገር ነው። ሥጋ ብቻ የሚሸጥ መኪና የዓመቱን ግማሽ ያህል ደንበኛ የለውም። ኪራዩ፣ ሠራተኛው፣ ነዳጁ ግን አይጾሙም።

ሰዓቱም ይለወጣል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ብዙ ነው። በዚያ ወቅት በምሳ ሰዓት ቆሞ ደንበኛ የሚጠብቅ ሻጭ ከስሮ ይገባል። ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴ ሲወጣና ቢሮ ሲዘጋ፣ የራበው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ይህን ያወቀ ሻጭ መኪናውን የሚያቆምበትን ቦታም ሰዓትም በወቅቱ ይቀያይራል። የመኪና ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ሱቅ ይህን ማድረግ አይችልም።

ቢላውም ጥያቄ ያስነሳል። ጾመኛ ሰው “በዚሁ ቢላ ነው ሥጋ የቆረጥከው?” ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ጠባብ መኪና ውስጥ አንድ ቢላ፣ አንድ መክተፊያ፣ አንድ ዘይት ካለ ጾም የሚባል ነገር የለም። የሚገርመው የኒውዮርክ አይሁዳውያንም በሕጋቸው ሥጋና ወተት ስለማይቀላቅሉ፣ ሕጉን የሚጠብቅ ዴሊ አይብ በሥጋ ሳንዱች ላይ አያደርግም፤ የሥጋውን ዕቃም ለብቻ ይይዛል። ከመቶ ዓመት በላይ ሠርተውበታል። እኛም እንችላለን። የጾሙ ቢላና መክተፊያ ቀለሙ የተለየ ይሁን፤ ገዢው በመስኮቱ በኩል ያየዋል።

የታሸገ ሥጋ ሌላም ችግር አለበት። ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን ይበላል። ባሕር ዳር ላይ ሁለቱም አብረው ይሰለፋሉ። ከፋብሪካ ለመጣ ሞርታዴላ ማን እንዳረደው፣ የአሳማ ሥጋ ይኑርበት አይኑርበት ሻጩ ላያውቅ ይችላል። የአሳማው ነገር ደግሞ ሁለቱንም ይመለከታል። “አላውቅም” የሚል ሻጭ ሁለቱንም ደንበኛ ያጣል።

ታዲያ ምን ይሸጥ? እዚህ ላይ ጎጃም ሀብታም ናት።

በመጀመሪያ ቋንጣ አለ። ሥጋን በረጃጅሙ ተልትሎ፣ በጨውና በበርበሬ አሽቶ፣ ገመድ ላይ ሰቅሎ ማድረቅ፤ ማድቤት ውስጥ ከተሰቀለም የእንጨት ጭስ ያገኘዋል። ጨው፣ ቅመም፣ ጭስ። ፓስትራሚ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። እናቶቻችን ማቀዝቀዣ ሳይኖራቸው ሥጋ ሲያቆዩ የኖሩበት ዕውቀት ነው። ቋንጣ ክብደቱ ቀላል ነው፤ መብራት ቢጠፋ አይበላሽም፤ መንገድ ቢዘጋ አይጎዳም። ደንበኛ ሲመጣ በቅቤና በሽንኩርት ይጠበስና ትኩሱን ዳቦ ውስጥ ይገባል። መጠበሱ ግን አይቀሬ ነው። ማድረቅ ብቻውን የኮሶ ትልን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም።

ለጾም አዚፋ አለ። የተቀቀለ ምስር፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ዘይትና ሰናፍጭ። ሰናፍጩን ልብ በሉ። የኒውዮርክ ዴሊ ፓስትራሚውን ያለ ሰናፍጭ አያቀርብም። አዚፋ ቀዝቅዞ የሚበላ ስለሆነ ዳቦ ውስጥ ለመግባት የተመቸ ነው። ሎሚው ቢረዳውም የተቀቀለ ምስር ስለሆነ በየቀኑ፣ በትንሽ በትንሹ መሠራት አለበት። ትላንት የተረፈው አይሸጥም።

ስልጆ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውሃ ተሠርቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት ይብላላል። ኮምጣጣነቱ ራሱ መጥፎ ባክቴሪያን ያርቃል። ስለዚህ ማዮኔዝ በሚቀባበት ቦታ ስልጆ ይቀባ። ወጣቶች ይህን አንድ ጊዜ ቢሞክሩ ወደ ማዮኔዝ አይመለሱም ብዬ አስባለሁ። የፍስክ ቀን ከሆነ ትኩስ እንቁላል በቃሪያ አለ። ከአዊ የሚመጣ ድንች ተጠብሶ፣ ከቡሬ በኩል በሚመጣ በርበሬ የተሠራ አዋዜ ተደርጎበት፣ አዲስ አበባዎች እርጥብ የሚሉት ይሆናል፤ እሱም የጾም ነው። በጥሬው ሰላጣ ፈንታ የተቀቀለ ቀይ ሥር ወይም ጠበስ የተደረገ ጥቅል ጎመን ይግባ።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ዓሣ አለ። ቆሮሶና አምባዛ ከጣና ጠዋት ወጥቶ ቀትር ላይ መጥበሻ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ፊሌቶው በዱቄት ተለውሶ፣ ደንበኛው እያየ ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ዳቦ ውስጥ ቢገባ የትኛውም የአሜሪካ ከተማ ይቀናበታል። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ ስለዚህ የዓሣው ዘይት ከድንቹ ዘይት ይለይ። በረዶ ከሌለ ግን ከሰዓት በኋላ ጥሬ ዓሣ መኪናው ላይ መቆየት የለበትም።

ዳቦው አያሳስበኝም። ምሥራቅ ጎጃም ስንዴ አብቃይ ነው። ፉርኖ በየሰፈሩ ይጋገራል። በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ደግሞ በወፍራሙ ሲቆረጥ እርጥብ ነገር ችሎ ይይዛል።

መኪናው ራሱ ግን ያሳስበኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለና በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አሮጌ መኪና እንኳ ለተመራቂ የሚቀመስ አይደለም። ብድር ወስዶ መኪና የገዛ ልጅ ሳንዱች ሽጦ ወለዱን ለመክፈል ብዙ ዳቦ መቁረጥ አለበት። ለዚህ ነው ወደ ፉድ ትራክ ታሪክ መለስ ብሎ ማየት የሚጠቅመው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ምግብ ቤት ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1872 ፕሮቪደንስ ከተማ ላይ ዋልተር ስኮት የተባለ ሰው ያቆመው ነው። ሞተር አልነበረውም። በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ነበር። ለማታ ሠራተኞች፣ በተለይ ለጋዜጣ ሰዎች፣ ሳንዱችና ቡና ይሸጥበት ነበር። ፈረስ ጋሪ ለጎጃም ከተሞች እንግዳ አይደለም። በደንብ የተሠራ፣ ጣሪያና የውሃ በርሜል ያለው፣ ሲሊንደር የሚይዝ ጋሪ ከሚኒባስ በእጅጉ ይረክሳል። ፈረሱ ተፈትቶ ራቅ ብሎ ይታሰር፤ ዝንብና ምግብ አይገናኙ። ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪም ሌላ አማራጭ ነው።

አሁን ያለው የፉድ ትራክ ሞገድ ደግሞ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ ሮይ ቾይ የተባለ ምግብ አብሳይና ጓደኞቹ የኮሪያን ሥጋ በሜክሲኮ ቂጣ ጠቅልለው ሲሸጡ፣ የሚቆሙበትን ቦታ በትዊተር ይናገሩ ነበር። ጊዜው የኢኮኖሚ ቀውስ ነበር። ሥራ ያጣ ሙያተኛ ብዙ ነበር፤ ሰውም ለሬስቶራንት ገንዘብ አጥሮት ነበር። የእኛ ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ሥራ አጥ ተመራቂ አለ፣ ኪሱ የሳሳ በላተኛ አለ። በአንድ ነገር ግን ይለያል። ቾይ የሠራው ከተማው ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች የሚያውቁትን ጣዕም ነው። የሎስ አንጀለስ ሰው ኮሪያንም ሜክሲኮንም ያውቅ ነበር። የእኛ ልጆች ግን ሊኮርጁ የሚያስቡት የሌላ ከተማ ጣዕም ነው።

የማታውን ገበያ በተመለከተ ብዙ ተስፋ መስጠት አልችልም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ክልሉ ያለበትን ሁሉም ያውቀዋል። በየጊዜው የሰዓት ገደብ ይወጣል። ምሽት ላይ ሐይቅ ዳር ተሰልፎ ሳንዱች መብላት ዛሬ እቅድ የሚወጣለት ነገር አይደለም። ሥራው የቀን ነው። ጠዋት መናኸሪያ፣ ቀትር የዩኒቨርሲቲው ፖሊና ፔዳ ግቢዎች በር፣ 9 ሰዓት ቤተ ክርስቲያን አካባቢ። ሀገር ሰላም ሲሆን ማታውም ይመጣል። ያን ቀን ሁላችንም እንናፍቃለን።

ቆሞ መብላት ነውር ነው የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ ትክክል ናቸው። ከመሶብ ዙሪያ ተቀምጦ፣ እጅ ታጥቦ፣ ጉርሻ ተሰጣጥቶ መብላት ያደገ ባህል ነው። ሜዳ ላይ አፍ ከፍቶ መብላትን ከዓይን ጋር አያይዞ የሚፈራም አለ። ይህን መናቅ አያስፈልግም። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጥላ የሚሆን ሸራ፣ ጎን ላይ መጋረጃ፣ እጅ መታጠቢያ በሳሙና ካለ ግማሹ ይፈታል። ሳንዱቹ ለሁለት ተቆርጦ ከቀረበ ሁለት ጓደኛሞች ይካፈሉታል። ሴት ተማሪዎች በተለይ መንገድ ላይ ቆመው ከመብላት ይልቅ ጠቅልለው ይዘው መሄድ ስለሚመርጡ ንጹሕ መጠቅለያ ወሳኝ ነው። በጋዜጣና በተጻፈበት ደብተር መጠቅለል ይቅር፤ ቀለሙ ወደ ምግቡ ይገባል።

የከተማ አስተዳደሮች ድርሻ ትልቅ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለጤና ደህንነቱ ያልተጠበቀ ምግብ እንዳይሸጥ ይከለክላል። መንገድ ላይ ያለውን ሻጭ ግን ሕጉ የሚያገኘው በማባረር መልክ ከሆነ ንጽሕናውም አብሮ ይባረራል። የሚባረር ሰው ውሃ አያስገባም፤ ቦታ ስለሌለው በርሜል አይገዛም። ባሕር ዳር ላይ በግንቦት 2016 ከተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይና ከኮሪደር ልማቱ ጋር መንገዱ ሰፍቷል። ከዚያ ውስጥ ጥቂት ቦታ በሰዓት ተከፍሎ ለእነዚህ ልጆች ይሰጥ። አጠገቡ የቧንቧ ውሃና የቆሻሻ ውሃ መድፊያ ይኑር። ፈቃዱ ሲሰጥ ደግሞ ተቆጣጣሪው ምግብ ውስጥ የሚገባ ቴርሞሜትር ይዞ ይምጣ። ትኩስ የተባለው ከ60 በላይ መሆኑን፣ ቀዝቃዛ የተባለው ከ5 በታች መሆኑን በቦታው ይለካ። የወደቀው ምግብ ይደፋ፤ ሻጩ ግን ምክንያቱ ተነግሮት ነገ ተመልሶ ይሽጥ።